የወረዳችንን ካርታ ከየት ልጀምር?

ደምቢያ በኩል በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምትሠራ እህት እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ «ጋሼ፣ የወረዳችንን ቀበሌዎች ከነጎጦቻቸው፣ መንገዶቹን፣ ትምህርት ቤቶቹንና የጤና ተቋማቱን በካርታ እንዳወጣ ታዝዣለሁ። ያለኝ የራሴ ስልክና የቢሮው ላፕቶፕ ነው። ጎግል ላይ ስፈልግ ከወረዳው ከተማ ወጣ ካልኩ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ከምን ልጀምር? ጂፒኤስ ይገዛልኝ ብዬ ልጠይቅ? የቀበሌ ወሰንስ ከየት ይገኛል?»

እህቴ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የተሰጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ሶፍትዌር ያወርዳል፣ ቀጥሎ ወሰን ያሰምራል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ስሞቹ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ። አንቺ ገልብጠሽ ሥሪው። መጀመሪያ የጎጦች ስም፣ ቀጥሎ የተቋማት ነጥብ፣ ከዚያ መንገድ፣ ወሰን በመጨረሻ። ጂፒኤስም አታስገዢ። ስልክሽ ገላጣ ቦታ ላይ 5 ሜትር አካባቢ ስህተት ብቻ ይዞ ቦታሽን ይነግርሻል፤ ለጤና ኬላና ለትምህርት ቤት ይህ ከበቂ በላይ ነው። ገንዘብ ከተገኘ ሁለት ጥሩ ፓወር ባንክ ይገዛልሽ።

ስም ለመሰብሰብ ለመጀመሪያው ዙር መስክ መውጣት እንኳ አያስፈልግሽም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችሁ የቤተሰብ ማህደር አላቸው፤ የትኛው ቤት የየትኛው ጎጥ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ሪፖርት ይዘው ሲመጡ አንድ አንድ ወረቀት ስጪያቸው። የጎጡን ስም፣ ሌላ መጠሪያ ካለው እሱንም፣ የቤቱን ብዛት በግምት፣ በቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ወደ ጤና ኬላው በእግር የሚወስደውን ሰዓት ይጻፉልሽ። ከዚያ ይህን ዝርዝር ከግብርና እና ከትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ዝርዝር ጋር አስተያዪው። ሦስቱ አይገጥሙም። አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ የሌለው ጎጥ ላይ ምልክት አድርጊ። ክትባት ዘመቻ ላይ የሚረሳው ጎጥ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

የገበያ ቀን ደግሞ አለልሽ። በገበያ ቀን ከየጎጡ ሰው ይመጣል። ሥራ ላይ ያሉትን ሳይሆን ሸጠው የጨረሱትን፣ ጥላ ሥር ያረፉትን ጠይቂ። «እናቴ፣ ከየት ነው የመጡት? ስንት ሰዓት ተነሡ? የትኛውን ወንዝ ተሻገሩ?» ከእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የምታገኚውን ምንም ሶፍትዌር አይሰጥሽም።

ስሙን በአማርኛ ጻፊ፣ አጻጻፉንም አንድ አድርጊ። በኤክሴል ላይ «ሥላሴ» እና «ስላሴ» ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። «ዓባይ» እና «አባይ»ም እንዲሁ። ወረዳ ሙሉ ዝርዝር ከተሞላ በኋላ ይህን ማስተካከል ሰው ያደክማል፤ መጀመሪያውኑ በየትኛው ፊደል እንደምትጽፊ ወስነሽ ለሁሉም ንገሪ። ለላቲን ፊደሉ ሌላ ዓምድ ክፈቺ። ጯሂትን ወይም አርማጭሆን በላቲን የጻፉ ሰነዶችን ብታስተያዪ ሁለቱ አንድ አይነት አይጽፉም፤ ፍለጋ ላይ የሚጠፋውም በዚህ ነው። የቀድሞ ስም የሚል ዓምድም ያስፈልግሻል። ቀበሌዎች ተዋህደዋል፣ ተከፍለዋል፣ በቁጥርም ተጠርተዋል። ዞኑ ራሱ በ2010 ዓ.ም. ተከፍሎ ማዕከላዊ፣ ሰሜንና ምዕራብ ጎንደር ሲባል፣ አሮጌዎቹ ፋይሎች ደምቢያን አሁንም ሰሜን ጎንደር ሥር ያስቀምጡታል። ያንን የማያውቅ ሰው መረጃሽን ከፌዴራሉ መረጃ ጋር ሊያገናኝ ሲሞክር ወረዳሽ ይጠፋበታል።

አሁን ወደ ሳተላይት ምስሉ እንሂድ። ኦፕንስትሪትማፕ የሚባል ነጻ የዓለም ካርታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ነው የተጀመረው። ማንም አካውንት ከፍቶ የሚያውቀውን ቦታ ይጨምርበታል፣ ማንም በነጻ ያወርደዋል። ስታርሚው ከሥር የሳተላይት ምስል ይዘረጋልሻል፤ ከወረዳሽ ብዙ ነገር ታይበታለሽ። ክብ የቆርቆሮ ጣራ በጥቅጥቅ ዛፍ ተከቦ ካየሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ረዘም ረዘም ያሉ ጣራዎች ትይዩ ቆመው መሀላቸው ሜዳ ካለ ትምህርት ቤት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጤና ኬላ ግን እንዲህ አይለይም። ብዙ ቦታ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ የአርሶ አደር ማሠልጠኛው፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘንና ጤና ኬላው ተቀራርበው ነው የተሠሩት። ከላይ ሲታዩ አራት ተመሳሳይ ቆርቆሮዎች ናቸው። ክትባት የሚሰጠው የትኛው ውስጥ እንደሆነ ምስሉ አይነግርሽም። የዘጋ ይሁን የሚሠራ፣ ውሃ ይኑረው አይኑረው፣ ሌሊት ሰው ይደር አይደር፣ ይህንም አይነግርሽም።

ለአንድ ነገር ግን ምስሉ በጣም ይጠቅምሻል። ጎግል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ኮምፒውተር ከምስል ላይ የለያቸውን የአፍሪካ ሕንፃዎች በነጻ ለቋል። የወረዳሽን አውርደሽ ከጎጥ ዝርዝርሽ ላይ ደርቢው። ጣራ ተሰብስቦ ስም የሌለበት ቦታ ካየሽ አንድ ጎጥ አምልጦሻል ማለት ነው። የሣር ክዳን ጎጆ በደንብ ላይያዝ ስለሚችል ቆጠራ አታድርጊበት። ከጎግል ካርታ ላይ ስም ወይም መንገድ ቀድተሽ ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ማስገባት ደግሞ በፈቃድ ውሉ ክልክል ነው። ይህን አደራ።

ተቋሞቹ ጋ ግን በአካል መድረስ አለብሽ። ኮቦኮሌክት የሚባለውን፣ መረጃ በቅጽ የሚሞላበትን መተግበሪያ ስልክሽ ላይ ጫኚ። ቅጹን አንዴ ካወረድሽው ያለ ኔትወርክ ይሠራል፣ የሞላሽውን ይዞ ይቆይና ኔትወርክ ስታገኚ ይልካል። ጂፒኤስም ቢሆን ኔትወርክ አይፈልግም፤ ስልኩን በረራ ሞድ ላይ አድርገሽ ባትሪ ቆጥቢ።

ጤና ኬላው ስትደርሺ ቆርቆሮው ሥር ሳይሆን በሩ ፊት ለፊት፣ ሰማይ የሚታይበት ላይ ቁሚ። ቦታውን መዝግብ ስትዪው ስክሪኑ መጀመሪያ 40 ሜትር ምናምን ይላል። አትንኪው። ስልኩን ከፍ አድርገሽ ያዢ። 22፣ 11፣ 7 እያለ ይወርዳል። 5 አካባቢ ሲደርስ መዝግቢ። ገደል ሥር ወይም ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ከሆንሽ ላይወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ያገኘሽውን መዝግበሽ በኋላ ከምስሉ ላይ ጣራውን አይተሽ አስተካክዪው። ከዚያ በሩን ፎቶ አንሺ። ታካሚ ግን ፎቶው ውስጥ አይግባ።

ቅጹ አጭር ይሁን። ስም፣ ዓይነት፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ ሥራ ላይ ነው ወይስ ዘግቷል፣ ውሃ፣ መብራት፣ የሠራተኛ ብዛት፣ የመጣሽበት ቀን። ጤና ጣቢያ ከሆነ የእናቶች ማቆያ አለው ወይ? አምቡላንስ አለው ወይ? በሥርዓቱ መሠረት አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000 ሰው ያገለግላል፤ አምስት ጤና ኬላ በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር ይሆናል። ካርታሽ ላይ እያንዳንዱን ጤና ኬላ ከጤና ጣቢያው ጋር ካላያያዝሽው ይህ ስሌት የት ላይ እንደተዛባ አይታይም። የተቋሙን መለያ ቁጥር ከሪፖርት ሥርዓታችሁ ወስደሽ እንዳለ አስገቢ፤ አዲስ ቁጥር አትፍጠሪ። ለትምህርት ቤቶችም የትምህርት ጽሕፈት ቤቱን ኮድ ውሰጂ። ከዋናው ትምህርት ቤት ተነጥሎ ለትንንሾቹ የተከፈተ የሁለት የሦስት ክፍል ትምህርት ቤት ካለ ለብቻው ነጥብ ስጪው። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ የሚሄደው እዚያ ነው።

ስለ ቁጥሩ አጻጻፍ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ይህ ብዙ ካርታ ያበላሻል። ጎንደር ከተማ ሰሜን 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ፣ ምሥራቅ 37 ዲግሪ ከ28 ደቂቃ ላይ ናት። በአስርዮሽ ሲጻፍ 12.60 እና 37.47 ነው። አንድ ሰው ደቂቃውን እንዳለ ከነጥቡ በኋላ አስቀምጦ 12.36 እና 37.28 ቢል ከተማዋ 26 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ 20 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ ሄዳ ደምቢያ ሜዳ ላይ ታርፋለች። የሚያስፈራው ስህተቱ አለመታየቱ ነው፤ ነጥቡ አሁንም ጎንደር አካባቢ ስለሆነ ማንም አይጠረጥርም። ሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ማቀያየር ይሻላል ልል ምንም አልቀረኝ፤ ያ ሲሲሊ አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ስለሚጥልሽ ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ሁሉም ሰው በአስርዮሽ ብቻ ይጻፍ፣ ከነጥብ በኋላም 5 አሃዝ ይያዝ። 5 አሃዝ 1 ሜትር ያህል ነው። 3 አሃዝ ብቻ ከጻፍሽ 100 ሜትር ገደማ ትስቺያለሽ።

መንገድ ላይ ስትደርሺ ቀስ በዪ። ካርታሽ ሰው የሚያድነው ወይም የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

የሳተላይት ምስል አቅራቢዎች ደመና የሌለበትን ቀን ይመርጣሉ። እኛ አገር ደመና የሌለበት ቀን በጋ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ የምታይው ወረዳ የበጋው ወረዳ ነው። የደምቢያን ሜዳ ከላይ ስታዪ መንገድ በመንገድ ነው። መኪና የሄደበት ሁሉ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሐምሌ ላይ ያው መሬት ዋልካ ነው፤ እንኳን መኪና በቅሎም ትይዛለች። መገጭና ድርማ ሲሞሉ ደግሞ ወዲህና ወዲያ ያሉት ጎጦች ይለያያሉ። ውጭ አገር ተቀምጦ በበጎ ፈቃድ ምስል የሚያሰምር ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም። ያየውን መስመር መንገድ ብሎ ያሰምራል። አንቺ ግን ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ መንገዱን ያለ ወር አታስገቢው።

ለእያንዳንዱ መንገድ አራት ነገር ያዢ። አንደኛ፣ አስፋልት ነው፣ ጠጠር ነው ወይስ አፈር? ሁለተኛ፣ ክረምት ከበጋ ያስኬዳል ወይስ የበጋ ብቻ ነው? የበጋ ብቻ ከሆነ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር ይዘጋል? ሦስተኛ፣ ምን ያልፍበታል? አይሱዙ? አምቡላንስ? ባጃጅ? ሞተር ብቻ? አራተኛ፣ የሚዘጋው የት ላይ ነው? ይህ አራተኛው ከሁሉም ይበልጣል። መንገድ አብዛኛውን ጊዜ በሙሉ አይዘጋም፤ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቆረጠው። ድልድይ የሌለው መሻገሪያ፣ የተናደ ቱቦ፣ ውሃ የሚተኛበት ረባዳ። እዚያ ላይ ነጥብ አስቀምጪ። መንገድና ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ 15 ኪሎ ሜትር ጠግኑ ሲሉት በጀት የለኝም ይላል፤ ይህ አንድ ቱቦ ቢሠራ ስምንት ጎጥ ይከፈታል ስትዪው ግን ይሰማሻል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌ ከቀበሌ ለማገናኘት የተሠሩትን የጠጠር መንገዶችም በወረቀት ላይ ባለው ብቻ አትመኚ። ሲሠሩ ክረምት ከበጋ የነበሩ፣ ዛሬ ግን ጠጠራቸው ታጥቦ የበጋ ብቻ የሆኑ ሊኖሩ ይችላሉ። ማንን ልጠይቅ ካልሽ የአይሱዙ ሹፌርና ረዳቱን ጠይቂ። የት እንደሚይዛቸው በወር በወር ይነግሩሻል።

አንድ ሌላ ነጥብ ልጨምርልሽ፤ በየካርታው ላይ ፈልጌ የማጣው ነው። ምጥ የያዛት እናት ከጎጧ የምትወጣው በቃሬዛ ነው። አምቡላንሱ እስከ አንድ ቦታ ይመጣል፣ ተሸካሚዎቹ እስከዚያው ይወርዳሉ። ያ ቦታ ስም አለው። አንድ ዋርካ ሊሆን ይችላል፣ የቤተ ክርስቲያን መገንጠያ ሊሆን ይችላል። በበጋ አንድ ቦታ፣ በክረምት ሌላ ቦታ ነው። ሹፌሩ ሲቀየር ይህ እውቀት አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ ሹፌር በሌሊት ስልክ ሲደወልለት የት ቆሞ እንደሚጠብቅ አያውቅም። ለየጎጡ ሁለቱንም ነጥብ መዝግቢ፣ ከጎጡ እስከዚያ በቃሬዛ የሚወስደውን ሰዓትም ጻፊበት። ከካርታሽ ሌላው ሁሉ ቢጎድል ይህ እንዳይጎድል።

ርቀትንም በአየር አትለኪ። ደምቢያ ሜዳ ስለሆነ ያን ያህል አይጎዳሽ ይሆናል። በለሳ ወይም ጃናሞራ ያለ ባልደረባሽ ግን በ5 ኪሎ ሜትር ክበብ ብቻ ሠርቶ ተደራሽነታችን ሙሉ ነው ቢል ሐሰት ይሆንበታል። ገደሉ ማዶ ያለች ጎጥ በዓይን ትታያለች፤ ለመድረስ ግን ወርዶ መውጣት ነው፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅት አክሰስሞድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለው፤ ተዳፋቱንና መንገዱን አስገብተሽ የጉዞ ሰዓት ያሰላልሻል። ግን መጀመሪያ ከሰዎቹ የሰበሰብሽውን ሰዓት ያዢ፤ ፕሮግራሙ የሚፈተነው በእሱ ነው።

ወሰን ጥያቄሽ ላይ ነበር። የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሲሰጥ ማሳዎቹ ከአየር ወይም ከሳተላይት ፎቶ ላይ ተለክተዋል፤ ሥራው ቀበሌ በቀበሌ ስለሆነ የቀበሌውም ወሰን አብሮ ይለያል። ወረዳችሁ ላይ ከተሠራ ፋይሉ እዚያው አጠገብሽ ነው። ካልተሠራ ወሰን አታሰምሪ። በነጥብና በስም ብቻ የትኛው ጎጥ የትኛው ቀበሌ እንደሆነ ካሳየሽ ለጤና ሥራ ይበቃል። ወሰን የግጦሽ ነው፣ የማሳ ነው፣ የግብር ነው። አንቺ በእጅሽ የሳብሽው መስመር ነገ ሽማግሌ ፊት ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል።

ቢሮ ውስጥ አሮጌውን 1 ለ50,000 የመሬት ካርታ ካገኘሽ ደስ ይበልሽ፤ የወንዝና የጉብታ ስም ሞልቶበታል። ነጥቡን ግን በቀጥታ አትውሰጂ። እሱ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የመሬት ልኬት መነሻ (ዳተም) ነው፣ ስልክሽ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ይጠቀማል። ቦታውን በሜትር በሚያስነብበው የካርታ መስመር (ዩቲኤም) ሲነበብ ሁለቱ በዚህ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። ትምህርት ቤትሽ ወንዝ ማዶ ሄዶ ብታገኚው ምክንያቱ ይህ ነው። ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነጻ የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ መነሻውን በትክክል ከነገርሽው ራሱ ያስተካክለዋል። የዩቲኤም ዞኑ 37 ነው፤ ቋራ በኩል የሚሠሩት ግን ዞን 36ንም ይፈትሹ።

ስልክ ይዞ ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግብ ሰው በዚህ ጊዜ ያስጠረጥራል፤ ሕዝቡም አይፈረድበትም። የድጋፍ ደብዳቤ ከወረዳው አስጽፊ፣ ለቀበሌው ቀድመሽ አሳውቂ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሂጂ፣ ሽማግሌዎቹን ቀድመሽ ሰላም በዪ። የምትመዘግቢውን አሳዪያቸው። የመንገዱ ሁኔታ የማያስተማምን ከሆነ አትሂጂ፤ ያ ቀበሌ በስልክ ተጠይቆ ይሞላ፣ «በአካል አልታየም» የሚል ምልክት ይደረግበት። የሰው ስም፣ የታማሚ ቤት፣ የጸጥታ ኃይል ያለበት ቦታ ካርታ ላይ አይግባ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ የምታስገቢው ለሁሉም የሚታይ ነው፤ የትምህርት ቤት፣ የጤና ተቋም፣ የመንገድና የጎጥ ስም ብቻ አውጪ፣ ሌላው በቢሮው ፋይል ይቅር።

ብቻሽን አትሥሪው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው በአንቺው አገር በደምቢያ ያለቀው ሰው ነገር ስላሳሰበ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ዳባት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ቤተሰቦችን እየመዘገበ የሚከታተልበት ጣቢያም አለው። ቤት በቤት መዝግቦ፣ ልደትና ሞትን እየጨመሩ መረጃን ሕያው አድርጎ መያዝ እንዴት እንደሚቻል የሚያውቁ ሰዎች አሉ ማለት ነው። ደብዳቤ ጽፈሽ ሂጂ። የጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታ ሥራ) ተማሪ ለመመረቂያው እውነተኛ መረጃ ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ኪውጂአይኤስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ትፈልጊያለሽ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ሲያልቅ ለኃላፊዎች ከማቅረብሽ በፊት ቀበሌ በቀበሌ በትልቅ ወረቀት አትሚው። ፊደሉ ጎላ ይበል። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለርእሰ መምህሩ፣ ለአምቡላንስ ሹፌሩና ለሁለት የአገር ሽማግሌዎች ቀይ እስክሪብቶ ስጪያቸው። ዝም ብለሽ ተመልከቺ። አንዱ «ይቺ ጎጥ እኮ ከወንዙ ወዲህ ናት» ይላል፣ ሌላው «የለም፣ አሮጌው ሰፈር ነው ወዲህ ያለው» ይላል። ሁለቱንም ጻፊ። በቀይ ያልተነካ ወረቀት ከመጣልሽ በደንብ አላዩትም ማለት ነው፤ መልሰሽ አስቀምጫቸው። መንገዶቹን ደግሞ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ሳይረሳ፣ ለሹፌሮቹ ደውለሽ «ዘንድሮ የት የት ተዘጋ? መቼ ተከፈተ?» ብለሽ ጠይቂና ቀኑን ጽፈሽ አድሺ።